የመምሬ ሆድና የፉርጎዋ ሞተር

ፉርጎዋ ስትታመም የምታስለው በሁለተኛ ማርሽ ነበር። በሦስተኛ ስትሄድ ሕመሟን ትደብቃለች፤ በአንደኛ ደግሞ ጩኸቷ ስለሚበዛ ሳሉ አይሰማም። በሁለተኛ ግን፣ ዳገቱ ገና ሲጀምር፣ ጉሮሮው ላይ አጥንት እንደተሰነቀረበት ሰው ክህ ክህ ትላለች። ያኔ ባሌ መሪውን እንደያዘ ዞር ብሎ ያየኛል።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

እኔ ታኮዬን አቅፌ በሩን እከፍታለሁ። ታኮ ማለት መኪናዋ ዳገት ላይ ስትቆም ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት ከጎማው ሥር የሚወሸቅ ጉማጅ እንጨት ነው። መወሸቁ የረዳት ሥራ ነበር፤ ለእኛ ፉርጎ ግን ረዳት አልበረክት አለ። አንደኛው «ይህቺ መኪና ሳትሆን ቅጣት ናት» ብሎ ጥሎን ሄደ። እኔ ወዴት እሄዳለሁ? ባልየውን ሳገባ አብሬ አግብቻታለሁ።

ከኋላ ድፍን የሆነች፣ ድሮ ሰማያዊ ነበረች የምትባል፣ አሮጌ የዕቃ መኪና ነበረች። ከደሴ ጨው፣ ላምባና አቡጀዲ ወደ መካነ ሰላም እናመጣባታለን፤ ከመካነ ሰላም ቆዳና ቅቤ ጭነን እንመለሳለን። የቤንዚን ማጠራቀሚያዋን መካኒኮች ሰልባትዮ ይሉታል። የሱ ክዳን ከጠፋ ዘመን ሆኖታል፤ በጨርቅ የተጠቀለለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነበር የምንወትፍበት። ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ግን ካንዴላውንም፣ ቦቢናውንም፣ ካርቡራተሩንም ፊደል ከመቁጠሬ በፊት በስማቸው አውቃቸው ነበር። ፊደሉን በኋላ ነው ከጨው ጆንያና ከሰው መኪና በር ላይ እየለቀምኩ የተማርኩት።

አሁን የምነግራችሁ የስልሳ ስድስቱን ሁዳዴ ነው። ረሃቡ ቆላውን ጨርሶ ደጋው ላይ የወጣበት፣ ደሴ ከተማ ሰው በየአጥሩ ጥግ ተቀምጦ በዚያው የሚቀርበት ጊዜ። አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ነገር ይፈላል። ራዲዮ ያላቸው ሰዎች ተማሪው ወጣ፣ ወታደሩ አመጸ፣ ሚኒስትሮቹ ወረዱ ይላሉ። ከዚያ ሁሉ ወሬ እኛ ዘንድ ቀድሞ የደረሰው የቤንዚን መጥፋት ነው። መካነ ሰላም ላይ የሚሸጥልን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሙስሊም ጎረቤታችን፣ ከባሌ ጋር አብሮ ያደገ፣ በበርሜል እያመጣ በጄሪካን የሚቸረችር።

አንድ ቀን ማለዳ የባሌን አባት ከቤተ ክርስቲያን ደግፈው አመጡልን። ቄስ ናቸው፤ አገሩ መምሬ ይላቸዋል፣ እኔ አባባ። ቡአ ነበረባቸው፤ አንጀታቸው ብሽሽታቸው ላይ እየሾለከ ያብጣል። ማኅሌት ቆመው ሲያድሩ ይወጣል፣ ጋደም ብለው በእጃቸው ገፋ ሲያደርጉት ይመለሳል። «የኔ ደቀ መዝሙር ወጣ ገባ ማለት ይወዳል» እያሉ ለዓመታት ቀልደውበታል። የዚያን ቀን ወጥቶ አልመለስ አለ። ስነካው ድንጋይ ነው። ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ያስመልሳቸዋል፤ ከሆዳቸው የሚወጣ ነገር የለም፣ ግን ያስመልሳቸዋል።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር መጥቶ አያቸውና ባሌን ወደ ውጭ ጠራው። እኔም ተከተልኩ።

«አንጀቱ ታንቋል» አለ። «እዚህ የማደርግላቸው ነገር የለም። ዛሬውኑ ደሴ ገብተው ኦፕራሲዮን መሆን አለባቸው። አንጀቱ ሳይሞት ከደረሳችሁ ይድናሉ።»

«ከሞተስ?»

ድሬሰሩ ቦርሳውን ዘጋ። ሊሄድ ሲል ግን ተመልሶ «ሕመሙ ድንገት ጸጥ ካለላቸው ደስ እንዳይላችሁ» አለን። «ያ ደግ ምልክት አይደለም።»

መንገዱ ደህና በሆነበት ቀን እንኳ ከመካነ ሰላም ደሴ ከማለዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያስኬዳል። ትርፍ ሰዓት አልነበረንም። ባሌ ሮጦ ጎረቤታችንን ከመኝታው ቀሰቀሰው። ሰውየው ለራሱ የደበቃትን ጄሪካን አውጥቶ «ለመምሬ ከሆነ በርሜሉንም ገልብጠህ ውሰድ፤ አላህ ያሽራቸው» ብሎ ሰጠው። ባዶ ጆንያ አነባብረን አባባን ከኋላ አስተኛናቸው። የባሌ እናት፣ እማማ የምላቸው፣ የስንቅ አገልግላቸውንና ከደብሩ የተቀዳ ጸበል የሞላበት የዘይት ቆርቆሮ ይዘው አጠገባቸው ገቡ። ከመግባታቸው በፊት ፉርጎዋን እየዞሩ ረጭተዋታል። ደግ አደረጉ አልኩ በልቤ።

መጀመሪያ የቆመችው ከከተማው ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ነው። ክህ፣ ክህ፣ ጸጥ። ዘልዬ ታኮዬን ወሸቅሁ። ባሌ ኮፈኑን ከፈተና ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈታቸው።

«ረጥበዋል» አለ።

በቀሚሴ ጫፍ ጠራረግናቸው፣ በክብሪት አሞቅናቸው፣ መልሶ አሰራቸው። ቁልፉን ሲያዞር ወዲያው ተነሳች። «አላልኩሽም? ካንዴላ ነው» አለኝ፤ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆነ። ከኋላ እማማ «ተመስገን!» ሲሉ ሰማን።

ሁለተኛ የቆመችው ረጅሙ ዳገት ወገብ ላይ ነው። ካንዴላዎቹ ደህና ናቸው። ባሌ ወደ ፑንቲናው ዞረ፤ እሳት የሚያቀብለው ትንሽዬ ብረት ነው። በክብሪት ቀፎ ጎን ፈገፈገው። እማማ «ወገቤን ላፍታታ» ብለው ወርደው ወደ ኋላ ዞር አሉ። ጥቂት ቆይተው ተመለሱ። ፉርጎዋ ተነሳች።

«ፑንቲና ኖሯል!» አለ ባሌ።

ከኋላ «ተመስገን!»

ሦስተኛ ጊዜ ስትቆም ኮረንቲ የሚያጎለብተው ቦቢና ግሎ ነው አለና እርጥብ ጨርቅ ጠመጠመበት። ቀጥሎ የቤንዚን ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ፈትቶ በአፉ እፍ አለበት። መኪና ሠርታችሁ የማታውቁ ሰዎች፣ ሰውን እንደዚህ የሚያቃጥል ነገር የለም እላችኋለሁ። አልነሳም ብትል አንድ ነገር ነው፤ ተስፋ ይቆረጣል፣ በቅሎ ይፈለጋል። እሷ ግን ትነሳለች። የነካካችሁትን ሁሉ መድኃኒቱ እሱ ነው ታሰኛለች። እንደዳነች ታስመስልና አንድ ዳገት ታስጨርሳችኋለች፤ ልባችሁ መለስ ሲል ክህ ትላለች።

በቆመች ቁጥር ሞተሩ ጸጥ ይላል፣ የአባባ ድምፅ ይሰማል። ሲጮሁ አይደለም፤ ዳዊት ይደግማሉ። መሃል ላይ ቃሉ ይቆረጥና ጥርሳቸው ይንቋቋል፤ ቀጥለው ካቆሙበት ያነሳሉ። እየቆየ ግን የሚቆረጠው በዛ፣ የሚነሳው አነሰ። አንዴ ገብቼ ላባቸውን ስጠርግላቸው «ሹፌሩ የት ደረሰ?» አሉኝ።

«ፊልትሮውን እያጸዳ ነው አባባ።»

«በላቲን ነው እንዴ የሚያክማት? ምንድነው ይሄ ሁሉ ስም?» ብለው ሊስቁ ሞከሩ፤ ሳቁ ሆዳቸውን ሲነካው ዓይናቸው ተገለበጠ። እጃቸውን ያዝኩ፤ በረዶ ነው።

አቀስታን ካለፍን በኋላ ሜዳው ላይ፣ ፀሐይ አናታችንን አልፋ ወደ ምዕራብ ስታጋድል፣ ፉርጎዋ ሳትስል ቆመች። እንደዚያ ሆና አታውቅም። ባሌ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ዋጥ፣ ዋጥ አደረገና ባትሪውም ደከመ። ደግሞ አዞረ፤ ጠቅ የምትል ድምፅ ብቻ ቀረች። ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

በሰፊው ሜዳ ላይ ብቻችንን አልነበርንም። ከመንገዱ ዳር፣ ከቆላ የወጡ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ወንዶች፣ ሴቶች፣ ጨርቃቸውን ተከናንበው። ወደ ደሴ የሚሄዱ ናቸው፤ ያን ሰሞን መንገዱ ሁሉ እነሱ ነበሩ። አንዲት ሴት ባዶ ገንቦ በጀርባዋ አዝላለች። ከቤቷ ሌላ ነገር ይዛ የወጣች አትመስልም።

ባሌ ወረደና ወደ ወንዶቹ ሄደ። «ወንድሞቼ፣ አባቴ ውስጥ እያጣጣረብኝ ነው። እዚያ ቁልቁለቱ አፍ ድረስ ግፉልኝ። በግፊት፣ በስፒንታ ትነሳለች።»

ተነሱ። መጥተው መዳፋቸውን ፉርጎዋ ላይ አሳረፉ። እኔም ከመሃላቸው ገባሁ። «በሉ!» አለ ባሌ። ገፋን። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ክንድ ሲንቀጠቀጥ አየዋለሁ፤ አጥንቱ በቆዳው ውስጥ ይቆጠራል። ፉርጎዋ ፈቅ አላለችም። «ደግሞ!» አለ ባሌ። ደግሞ ገፋን። ከዚያ ሰውዬው እጁን ሳያነሳ፣ አንገቱን ደፍቶ፣

«እጃችን ይኸው ነው ጌታዬ» አለ። «ጉልበቱ ነው አብሮን ያልመጣው።»

እኔ መሬት ትዋጠኝ አልኩ። እማማ አገልግላቸውን ይዘው ወረዱና ለመምሬ ያሉትን የጾም ዳቦ እየቆረሱ በእጅ በእጃቸው አስጨበጧቸው። ማንም ማንንም አልቀደመም፤ ተራ ጠብቀው ተቀበሉ።

ባሌ ወደ ሞተሩ ተመለሰ። ያልነካው የቀረው ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ካርቡራተር ነው፤ እሱን መንገድ ላይ መፍታት አይወድም፣ ከውስጡ የምትወድቅ ትንሽ ነገር ሣር ውስጥ ከጠፋች አለቀልን። ነጠላዬን አንጥፌለት በላዩ ላይ ፈታው። ከታች ያለችውን ጽዋ የመሰለች ክፍል አውጥቶ ወደ ፀሐይ አዘነበላት። ቤንዚኑ ሥር የሆነ ነገር እንደ ዶቃ እየተድቦለቦለ ሮጠ።

«ይኼ ምንድነው?» አለ። ጣቱን ነክሮ ቀመሰው። «ውሃ! ውሃ ነው እኮ!»

ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ከጠዋት ጀምሮ የታመቀው ሁሉ መሄጃ አገኘ።

«ይሄ ወዳጄ የምለው ሰውዬ! ከውሃ ጋር ደባልቆ ሸጠልኝ! ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ጊዜ፣ አባቴ እንደዚህ ሆኖ እያየ! ቆይ፣ ደሴ ልድረስ። ነጋዴ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አሁን ወታደሩም ገብቶታል። አስይዘዋለሁ። ሱቁን ነው የማሳሽገው!»

«ተረጋጋ» አልኩት። «መጀመሪያ እንሂድ።»

«አብረን ነው የተገረዝነው ከዚያ ሰውዬ ጋር!»

የሚጠርግበት ደረቅ ጨርቅ አምጪ አለኝና ወደ ኋላ በር ዞርኩ። እዚያ እማማን አገኘኋቸው። ቆረቆንዳው በግራ እጃቸው ነው። በቀኝ እጃቸው የዘይት ቆርቆሮውን ሰልባትዮው አፍ ላይ ደፍተው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ጸበል ያንቆረቁራሉ።

ደርሼ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ቀስ በይ፣ ይፈስሳል» አሉኝ፤ ምንም የመደንገጥ ነገር የለባቸውም። «ጎሽ፣ ያዥልኝ ቆረቆንዳውን።»

«ስንት ጊዜ አደረጉ ይሄን?»

«ሳንነሳ አንዴ አቀመስኳት። ከዚያ በቆመች ቁጥር። መምሬም ሲጠጡ ፋታ አገኙ እኮ። የታመመ ሁሉ ይጠጣ የለ? ደግሞ አላየሽም እንዴ አንቺ፣ ጠጥታ እኮ ነው የምትነሳው።»

ምን ልበላቸው? እውነታቸውን ነው። እሳቸው ሲያጠጧት ተነስታለች። ባሌም ካንዴላዋን ሲያሞቅ ተነስታለች። እሱ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ፣ ሁለቱም ያዳንኳት እኔ ነኝ እያሉ ከማለዳ ጀምሮ ሲያክሟት ውለዋል።

«እማማ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ቤንዚን ውሃ ሲገባበት እሳት አይይዝም። የቆመችው በውሃው ነው።»

«ውሃ አይደለም፣ ጸበል ነው።»

«ለሞተሩ አንድ ነው እማማ።»

ከፊት የባሌ ድምፅ ይመጣል፤ የጎረቤታችንን ስም እየጠራ አሁንም ይምላል፣ ይዝታል። እማማ አዳመጡ። ቆርቆሮውን መሬት ላይ አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ በራሳቸው እግር ወደሱ ሄዱ። እኔ ልይዛቸው እጄን ዘርግቼ ነበር፤ አልደረስኩባቸውም።

«ልጄ፣ ያን ሰው ተወው» አሉት። «ውሃው ከሱ ቤት አልመጣም።»

«ከማን ቤት መጣ ታዲያ?»

«ከደብራችን ነው። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ባሌ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። እናቱን አየ፣ ፀሐይዋን አየ፣ ተንበርክኮ ከፉርጎዋ ሥር ገባ። ሰልባትዮው ሥር አንዲት ቡሎን አለች፤ እሷ ከተፈታች ከታች የተኛው ውሃ ቀድሞ ይወርዳል።

«አንቺ» አለኝ ከታች ሆኖ፣ «እጅሽን ዘርጊ። ውሃው አልቆ ቤንዚን ሲመጣ ንገሪኝ። አንዲት ጠብታ ቤንዚን እንዳትፈስብኝ።»

ልተኛ ስል እማማ ትከሻዬን ያዙ።

«መሬት ላይ ልታፈሱት ነው?»

«የት እናፍስሰው ታዲያ?» አለ ባሌ።

«ጸበል መሬት ላይ አይፈስም! እግር የሚረግጠው መንገድ ላይ? ከብት የሚሄድበት? ዕቃ ፈልጉለት።»

«እማዬ፣ ውረጅ ከላዬ!» ባሌ ከመኪናው ሥር እየጮኸ ነው። «አባቴ ዛሬ ከሞተ የገደልሽው አንቺ ነሽ! ሰማሽኝ? አንቺ ነሽ!»

መንገድ ዳር የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩን። እማማ ትከሻዬን አለቀቁም። በዚያ ጭንቅ መሃል ከፉርጎዋ ውስጥ የአባባ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ የተሰነጠቀ።

«አንተ ልጅ... እሷ ያለችውን አድርግ። ከሷ ጋር ስትከራከር... ነው የምሞተው።»

ገንቦ ያዘለችው ሴት ተነሳች። ማንም አልጠራትም። ገንቦዋን ከጀርባዋ ፈትታ አመጣችና አጠገቤ አስቀመጠች።

«ቤንዚን ሽታው አይለቅም እኮ እህቴ» አልኳት። «ውሃ አትቀጂበትም ከእንግዲህ።»

«የቱን ውሃ?» አለችኝ።

ገንቦውን ጎኑን አዘንብዬ ከቡሎኑ ሥር ደገንኩና እጄን ከአፉ በላይ ዘረጋሁ። ባሌ ቡሎኑን ፈታ። በመዳፌ ላይ ወረደ። ውሃና ቤንዚን በእጅ ይለያሉ፤ ቤንዚን ቆዳን አቀዝቅዞ ወዲያው ይጠፋል፣ ውሃ ይቆያል። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ውሃ» አልኩ። «ውሃ። ውሃ።» መውረዱ አያልቅም። «አሁንም ውሃ።»

ያኔ ነው የአባባ ድምፅ የቆመው። ዳዊቱ የለም፣ ማቃሰቱ የለም። ባሌ ከጎኔ ተኝቶ ዓይኑ ዓይኔ ላይ ቀረ። ድሬሰሩ ያለውን ሁለታችንም አልረሳነውም። እጄን ማንሳት አልችል፣ እሱም ቡሎኑን መልቀቅ አይችል።

«እማማ!» ብዬ ጮህኩ። «ይዩዋቸው! እባክዎን ይዩዋቸው!»

የእማማ እግር ሲሮጥ አየሁ፤ ከመኪና ሥር የሚታየኝ እግር ብቻ ነበር። የኋላው በር ተበረገደ። ከዚያ የእሳቸውን ሳይሆን የአባባን ድምፅ ሰማሁ፣

«ምነው? ለራሴም በሆዴ አልጸልይ?»

ባሌ የሳቀ ይሁን ያለቀሰ እንጃ፤ ፊቱ በቅባትና በአፈር ጠቁሯል። መዳፌ ላይ ድንገት ብርድ ተሰማኝ፤ ቆዳዬን ነክሶ ጠፋ።

«ቤንዚን!»

ቡሎኑን በአንድ ትንፋሽ አጠበቀው። የቤንዚኑን ቱቦ በአፉ እፍ አለበት፣ ካርቡራተሩን ነጠላዬ ላይ ገጣጥሞ መለሰ። እማማ ገንቦውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ከመንገዱ ርቀው ሄዱ፤ እግር የማይረግጠው ቋጥኝ ሥር ደፉት። ሲመለሱ ከባሌ ዓይን ዓይናቸውን አሸሹ።

ባትሪው የሞተ ነው። አሁንም መገፋት አለባት። ባሌ ሰዎቹን ሊጠይቅ አፍሮ ቆሞ ሳለ እነሱ ራሳቸው ተነሱ፤ በዚህ ጊዜ ሴቶቹም መጡ። እማማ ነጠላቸውን አሸርጠው ከመካከል ገቡ። ያ ሰውዬ «በሉ፣ ስለ ማርያም!» አለ። ገፋን። ጉልበት ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ዳቦው እንደሆነ ገና ከአፋቸው አልወረደም። ጎማዋ ግማሽ ዞረች። ተመልሳ መጣች። ደግሞ ስንገፋ ዞረች፣ ቀጠለች፣ ከእጃችን እያመለጠች ወደ ቁልቁለቱ አፍ ሄደች። ባሌ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ አንድ ጊዜ ተንገጫገጨች፣ በአፍንጫዋ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ጮኸች።

ሳትጠፋብን ብለን ተሯሯጥን። ባለ ገንቦዋን ሴትና መቆም ያቃታቸውን ከኋላ ጫንን፤ ዳገቱን አትወጣልንምና ሌሎቹን ልንጭን አልቻልንም። ወደ ኋላ ስመለከት ያ ሰውዬ መንገዱ ላይ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አንድም ጊዜ አልቆመችም። ግን እመኑኝ፣ ስትቆም ከነበረው በላይ የፈራሁት ስትሄድ ነው። ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ትንፋሼን እይዛለሁ። ባሌ ጥርሱን ነክሶ መሪው ላይ ተደፍቷል። የጉጉፍቱን ከፍታ ስናልፍ ብርዱ በበሩ ሽንቁር እየገባ ከፊቴ ላብ ጋር ተገናኘ። ከኋላ ዳዊቱ አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ይጠፋል። ሲጠፋ ባሌ ፍጥነት ይጨምራል፣ ሲሰማ ይቀንሳል። ደሴ የገባነው ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ነው።

የሆስፒታሉ ግቢ በረሃብተኛ ተሞልቷል፤ አባባን ያሳለፍናቸው በሰው መሃል እግር ማሳረፊያ እየፈለግን ነው። ሐኪሙ ሆዳቸውን አንዴ ነክቶ «ወደ ውስጥ!» አለ። በሩ ተዘጋ። ባሌ ከበሩ ወዲህ ተቀመጠ፣ እማማ ከኮሪደሩ ወዲያ ጫፍ። እኔ መሃል። ለማን እንደምጠጋ አላወቅሁም። እናትና ልጅ ከዚያ ሜዳ ጀምሮ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። እማማ ጭራሽ ከማንም ጋር አልተነጋገሩም፤ መቁጠሪያቸውን እንኳ አላወጡም። ጸሎት የፈሩ መስለው ታዩኝ። እንዲህ ያለ ዝምታ ከሳቸው አይቼ አላውቅም።

ሐኪሙ ሲወጣ ፊቱን አይቼ ለማወቅ ሞከርኩ፤ ደክሞት ነበር፣ ሌላ አይታይም። «ትንሽ አንጀት ቆርጠናል» አለ። «የቀረው ደህና ነው። ትንሽ ብትቆዩ ግን አልቆ ነበር።» ባሌ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ወረደ። እማማ መሬት ሳሙ።

ዝምታቸው ለቀናት ቆየ። ባሌ ቀርቦ አጠገባቸው ይቆማል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ተመልሶ ይሄዳል። ይቅርታ መጠየቅ የማይሆንለት ሰው ነው፤ ሞተሩ እሺ ካላለ የትኛውን እንደሚፈታ ያውቃል፣ ይሄን ግን ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።

አባባ አፋቸው እህል እንዲቀምስ የተፈቀደ ለት ነርሷ በኩባያ ወተት አመጣችላቸው። አባባ ኩባያውን አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

«ሁዳዴ ነው ልጄ። ለዚያ ለጎረቤቴ ስጪው» አሉ፤ አጠገባቸው ያለው አልጋ ላይ ከረሃብ የተረፈ ሽማግሌ ተኝቷል።

«ለሳቸውም ሰጥተናል። እርስዎ ካልጠጡ ቁስሉ አይድንም።»

«ካህን ነኝ። በሁዳዴ ወተት ጠጥቼ መቅደስ ልገባ?»

ነርሷ ባሌን አየችው። ባሌ «አባዬ፣ እባክዎ፣ ለታመመ ተፈቅዷል፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ለሰው ሲያስተምሩ የኖሩት?» አለ። አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ለመንኳቸው። ነርሷ ተቆጣች። አባባ ከንፈራቸውን ገጥመው ተኙ። የደከመ ፊታቸውን ሳይ ያ ሁሉ መንገድ ለዚህ ነበር እንዴ ብዬ ሆዴ ባባ።

እማማ ከተቀመጡበት ተነሱ። ኩባያውን ከነርሷ እጅ ወሰዱ።

«መምሬ» አሉ። ድምፃቸው ከረጅም ዝምታ ወጥቶ ሻክሯል። «ይጠጡ።»

አባባ ዓይናቸውን ገለጡ። «አንቺ ደግሞ...»

«ይጠጡ ብያለሁ። ኃጢአቱን ለኔ ይተዉት። መንገድ ላይ የተሸከምኩት አለ፤ ይሄ ቢጨመርበት ወገቤን አይሰብረውም።»

አባባ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጡ። እማማ ኩባያውን አልሰጧቸውም፤ አንገታቸውን በክንዳቸው ደግፈው እሳቸው ራሳቸው አስጠጧቸው። አባባ ሲውጡ የእማማም ጉሮሮ አብሮ ይውጣል። ባሌ አልጋው ግርጌ ቆሞ ያያቸዋል፤ ፊቱ ተጨማደደ።

«እማዬ» አለ።

«ዝም በል» አሉት፣ ዓይናቸውን ከኩባያው ሳይነቅሉ። «መጀመሪያ ይጨርሱ።»